ዓሣውን እያዩ ማጥመድ፦ የፊት ለፊት ሶናር ሦስቱ ዓይነቶችና ያስነሱት ሙግት

በአሜሪካ ዓሣን በዘንግና በመንጠቆ አጥምዶ ሚዛን ላይ በማስቀመጥ የሚካሄደው ውድድር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። «ባስማስተር ክላሲክ» የሚባለው ዓመታዊ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን አሸናፊው 300 ሺሕ ዶላር ይዞ ይሄዳል። ስፖንሰር አለው፣ ተመልካች አለው፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ባስ የተባለውን ዓሣ የማጥመድ ሙያ ይዘው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎችም ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለሁለት ተከፍለዋል። የከፈላቸው ፖለቲካ አይደለም፤ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ ከክንድ የማይረዝም መሣሪያ ነው።

መሣሪያው በእንግሊዝኛው ምኅጻር «ኤፍ ኤፍ ኤስ» ይባላል፤ ወደ ፊት የሚመለከት ሶናር ማለት ነው። ሥራው በአጭሩ ሲነገር፣ ከጀልባው ፊት ለፊት ውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ፣ ግንድና ድንጋይ በዚያችው ቅጽበት ስክሪን ላይ ያሳያል። ዓሣው ሲዞር ሲዞር ይታያል፤ የተወረወረለትን ማባበያ ሲከተልና ሲሸሽም እንደዚያው። ታዲያ አንዱ ወገን «ይህ ጥበብ ነው» ሲል ሌላው «ይህ ማጥመድ ሳይሆን ቪዲዮ ጌም ነው» ይላል። እኔ ዓሣ አጥማጅ አይደለሁም፤ ሙያዬ ሕግ ነው። ነገር ግን አዲስ መሣሪያ አሮጌ ደንብ ላይ ሲደርስ የሚፈጠረው ግርግር ሁልጊዜ ይስበኛል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ብርሃን ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ብዙ አይሄድም፣ የሬዲዮ ሞገድም ወዲያው ይዋጣል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ለማየት የፈለገ ሁሉ በድምፅ ማየት ግድ ይሆንበታል። ይህን መንገድ ያበጁት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰርጓጅ መርከብ የሚፈልጉ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን ስሙ ይነሳል። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 ፉሩኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለዓሣ አስጋሪዎች የሚሆን መፈለጊያ ሠራ። ሎውራንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1950ዎቹ መጨረሻ «ትንሿ አረንጓዴ ሳጥን» እየተባለች የምትጠራውን መሣሪያ አውጥቶ ነገሩን ለተራው የመዝናኛ አጥማጅ አደረሰ።

ያ የድሮው መሣሪያ የሚያሳየው ከጀልባው ሥር ያለውን ብቻ ነው። ድምፁን እንደ ፈንገል እየሰፋ በሚሄድ ቅርጽ ወደ ታች ይልካል፣ የገደል ማሚቶውን ይቀበላል፣ ከስክሪኑ ቀኝ ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራል፤ ከዚያ ወደ ግራ ይገፋትና ሌላ ያሰምራል። ስለዚህ ስክሪኑን ሞልቶ የሚታየው ሥዕል ከቀኝ ጫፉ በስተቀር ሁሉም ያለፈ ታሪክ ነው። ዓሣው ታይቷል፣ አሁን ግን የት እንዳለ አይታወቅም። አጥማጁ ቀሪውን በልምዱና በግምቱ ይሞላው ነበር።

አዲሱ መሣሪያ ግምቱን አስቀረ። በውስጡ እጅግ ትንንሽ የሆኑ በርካታ ድምፅ ሰጪና ተቀባይ ቅንጣቶች ተደርድረዋል። ከአንድ ዓሣ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ድምፅ ለአንዷ ቅንጣት ቀድሞ፣ ለሌላዋ በጣት ከማይቆጠር የሰከንድ ሽራፊ በኋላ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ ይህን የጊዜ ልዩነት አስልቶ ድምፁ ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣ ያውቃል። ሰው ከጀርባው ሲጠሩት ድምፁ ከቀኝ ይምጣ ከግራ የሚለየው በሁለት ጆሮዎቹ መካከል ባለች ጥቂት ልዩነት አይደል? ነገሩ እሱው ነው፤ ጆሮው በዛ እንጂ። ሠላሳ ሜትር ርቆ የቆመ ዓሣ ዘንድ ደርሶ ለመመለስ ድምፁ 60 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ሥዕል ማውጣት ይቻላል ማለት ነው፤ ለዚህ ነው እንደ ፊልም የሚንቀሳቀሰው። ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ፍም የሚደምቀው ደግሞ በአብዛኛው የዓሣው ሥጋ ሳይሆን በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው፤ ድምፅ ከውሃ ወደ አየር ሲደርስ በኃይል ይነጥራልና።

ሁለት ነገሮች ግን ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ መሣሪያው የሚያየው ሐይቁን ሁሉ ሳይሆን የሐይቁን አንድ ቁራጭ ነው። የጋርሚንን ብንወስድ ከላይ ወደ ታች 135 ዲግሪ ቢሸፍንም ወደ ጎን ስፋቱ 20 ዲግሪ ብቻ ነው። ዳቦ ቆርጠን አንዷን ቁራጭ ብቻ እንደማየት ነው፤ ዓሣው ከቁራጯ ሲወጣ ይጠፋል፤ መሣሪያውን እያዞሩ መከተል ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ ሥዕሉን የሚያጠራው የድምፁ ሞገድ ማነስ ነው፤ በአንድ ሜጋኸርትዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይሁንና እንዲህ ያለው ቀጭን ድምፅ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይደክማል። ጥራት የፈለገ ርቀት ይከፍላል፣ ርቀት የፈለገ ጥራት። ኩባንያዎቹ በማስታወቂያቸው ሁለቱንም በአንድ ላይ እንደሚሰጡ አድርገው ቢያወሩም ፊዚክሱ አይፈቅድላቸውም።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ተፎካካሪዎች እንምጣ።

ገበያውን የከፈተው ጋርሚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ጋሪ ቡሬልና ሚን ካኦ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ያቋቋሙት (ስሙም ጋሪና ሚን ተገጣጥመው የወጣ ነው) ይህ ኩባንያ በ2018 «ላይቭስኮፕ» የተሰኘውን መሣሪያ ወደ 1,500 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ አወጣ። በ2022 «ላይቭስኮፕ ፕላስ» ተከተለ፤ ኩባንያው እንደሚለው በ30 ሜትር ርቀት ላይ 35 ሳንቲሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያሳያል። «ኤክስ አር» የሚባለው ትልቁ ዓይነት ደግሞ እስከ 150 ሜትር ያያል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለሰፊና ጥልቅ ውሃ ካልሆነ በቀር ለተራው አጥማጅ ትርፍ ሸክም ነው እላለሁ። አንድ ዓሣ 150 ሜትር ላይ ቢታይ ማን ወርውሮ ይደርስበታል?

ሎውራንስ «አክቲቭታርጌት» ይዞ በ2020 ገባ፣ በ2022 ሁለተኛውን ትውልድ አወጣ። ይህኛው የሚመሰገንበት አንድ ነገር ሁለት መሣሪያዎችን አጣምሮ ሰፋ ያለ ሥዕል ማውጣት መቻሉ ነው። «ስካውት» በሚባለው አቀማመጥ መሣሪያው በጎኑ ይተኛና ጥልቀቱን ትቶ ወርዱን ያሳያል፤ ዳቦውን ከላይ ወደ ታች መቁረጡን ትቶ አግድም ይቆርጠዋል ማለት ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ በዳር በዳር ለሚያጠምድ ሰው ይህ ጠቃሚ ነው። ጋርሚንም ሃሚንበርድም በሌላ ስም ተመሳሳይ አቀማመጥ አላቸው።

ሦስተኛው ሃሚንበርድ ነው። «ሜጋ ላይቭ» በ2021፣ «ሜጋ ላይቭ 2» በ2024 ወጡ። የመጀመሪያው ከሁለቱ ተፎካካሪዎች በሥዕል ጥራት ወደ ኋላ የቀረ ነበር፤ ሁለተኛው ልዩነቱን በእጅጉ አጥብቦታል። የሃሚንበርድ ጉልበቱ ሌላ ቦታ ነው። የሁለቱ ተፎካካሪዎች መሣሪያ ለብቻው ጀልባ ውስጥ የሚቀመጥ የኮምፒውተር ሳጥን ሲፈልግ፣ የሃሚንበርዱ ያለ ሳጥን በቀጥታ ከስክሪኑ ጋር ይገናኛል፤ ገመድ ይቀንሳል፣ ሊበላሽ የሚችል አንድ ነገር ይቀንሳል። በተጨማሪም ባለቤቱ ጆንሰን አውትዶርስ ሚን ኮታ የተባለውን የጀልባ ኤሌክትሪክ ሞተርም የሚሠራ በመሆኑ ሞተሩና ሶናሩ ይግባባሉ፤ ሞተሩ ጀልባውን ባለበት ሲይዝ ሶናሩ ለብቻው ዓሣውን እንዲከተል የሚያደርግ ማያያዣ አለው።

የትኛው ይሻላል? በሥዕሉ ግልጽነት፣ በተለይ ለጀማሪ ዓይን፣ የጋርሚንን አስቀድማለሁ። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የአብዛኛውን ገዢ ምርጫ የሚወስነው የሥዕሉ ጥራት ሳይሆን ቀድሞ የገዛው ስክሪን ነው። የአንዱ ኩባንያ ሶናር ከሌላው ኩባንያ ስክሪን ጋር አይሠራም። አንዱን ሲገዙ ከስክሪኑ፣ ከገመዱ፣ ከማያያዣው ጋር ተጋብተዋል፤ ፍቺውም ውድ ነው። የሕግ ሰዎች በውድድር ሕግ ክፍል ውስጥ ጥምር ሽያጭ እያልን የምናነሳው ጥያቄ እዚህ ጀልባ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንዲሉ፣ 1,500 ዶላሩን አይቶ የገባ ሰው ትልቅ ስክሪኑን፣ ሊቲየም ባትሪውንና ማዞሪያ ዘንጉን ሲጨምርበት ከአራት ሺሕ ዶላር ማለፉን የሚያውቀው ሒሳቡን ሲደምር ነው።

ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከፍሏል። አንድ ቅዳሜ ሌክ አና ይዞኝ ሄደ፤ ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ተብሎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። እኔ ዓሣ ማጥመድ የጸጥታ ሥራ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን አንዴም ወደ ውሃው አላየም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ስክሪኑን ሲያይ፣ በእግሩ ሞተሩን ሲያዞር ቆየ። «ጋሼ፣ ያቻትልዎ! ያቺ ነጯ!» ይለኛል። ማየት ያየሁት እንደ ሩዝ ፍሬ የተበተነ ነጭ ነገር ነው። ቀስ በቀስ ግን ዓይኔ ለመደ። ማባበያው ከላይ ሲወርድ አየሁ፤ አንዲት ብርሃን ከግንዱ ሥር ተነሥታ ተከተለችው፤ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች፤ ዞር ብላ ሄደች። «አየችው፣ አልፈለገችውም» አለ እየሳቀ። በዚያን ዕለት አሥራ አንድ ዓሣ እንዲህ አይተን የያዝነው ሁለት ነው። ስለዚህ «ማየት መያዝ ነው» የሚለው ክስ ሙሉ በሙሉ እውነት አለመሆኑን በዓይኔ አረጋግጫለሁ። ቢሆንም ያለ መሣሪያው ቢሆን ኖሮ እነዚያ አሥራ አንዱ መኖራቸውን እንኳ አናውቅም ነበር።

ይህን የሚያጠናክር ጥናት አለ። በካንሳስ ግዛት የዓሣ ባለሙያዎች ክራፒ የተባለውን ዓሣ በሚያጠምዱ ተራ አጥማጆች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ መሣሪያውን መያዝ በተያዘው ዓሣ ብዛት ላይ ጉልህ ልዩነት አላመጣም። ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ሙከራው ስለ ተራው ሰው ነው የሚነግረን። በዓመት ሁለት መቶ ቀን ውሃ ላይ የሚውለው ባለሙያና አስጎብኚ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ለሐይቅ የሚያሰጋው ሁልጊዜ ብዙሃኑ አይደለም፤ ጥቂት ሰዎች አብዛኛውን ዓሣ ሊይዙ ይችላሉ። በተለይም ከዳር ርቀው፣ ከግንድም ከድንጋይም ሳይጠጉ መሐል ውሃ ላይ የሚንሳፈፉት ትልልቅ ዓሦች ድሮ ማንም አይደርስባቸውም ነበር። መደበቂያቸው ስፋቱ ነበር። ያ መደበቂያ አሁን የለም። ከጥልቅ ውሃ በፍጥነት የተጎተተ ዓሣ ደግሞ የአየር ከረጢቱ በግፊት ለውጥ ስለሚነፋ፣ «ይዤ ለቀቅሁት» ቢባልም ተመልሶ መዋኘት አቅቶት ሊሞት ይችላል። «ይዞ መልቀቅ» የሚለው ባህል ሕሊናን የሚያረጋጋውን ያህል ዓሣውን እንደማያድነው እዚህ ላይ ይታያል።

የውድድሩ ሙግት ግን ከዓሣው ቁጥር ይልቅ የፍትሐዊነት ሙግት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ቴክሳስ ውስጥ ሌክ ፎርክ በተደረገው የ«ባስማስተር ኤሊት» ውድድር ትሬይ ማኪኒ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በአራት ቀን 20 ዓሣ አስመዝኖ ከ59 ኪሎ በላይ በማምጣት አሸነፈ፤ በዚያ ደረጃ ካሸነፉት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆነ። ሐይቁን ሠላሳ ዓመት ያጠኑ፣ የወፉን መውረድና የነፋሱን አቅጣጫ አንብበው ዓሣው የት እንዳለ የሚናገሩ አዛውንቶች ከስክሪን ጋር ባደገ ትውልድ ሲበለጡ ዝም ይላሉ ተብሎ አይጠበቅም። ወጣቶቹ በበኩላቸው «እናንተም ግዙና ተማሩ» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ክርክሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

አወዳዳሪዎቹ የሰጡት መልስ ለየቅል ነው። «ባስ» የተባለው ማኅበር በ2025 የውድድር ዘመን መሣሪያውን ሳይከለክል ገደበው፤ አንድ ጀልባ ላይ ከአንድ በላይ እንዳይኖር፣ የስክሪኖቹም ጠቅላላ መጠን ከ55 ኢንች እንዳይበልጥ ደነገገ። «ሜጀር ሊግ ፊሺንግ» ደግሞ በዚያው ዓመት በዋናው ውድድሩ የቀኑን ጨዋታ ካከፈላቸው ሦስት ክፍለ ጊዜዎች በአንዱ ብቻ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። ይህ ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ብልህ ይመስለኛል። የስክሪን ኢንች መለካት ለዳኛ ቀላል ነው እንጂ የችሎታን ጥያቄ አይነካም። ክፍለ ጊዜውን መለየት ግን ተወዳዳሪው ሁለቱንም ሙያ እንዲያውቅ ያስገድዳል።

በሕግ ዓይን ሲታይ እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። ውድድሩ ውል ነው፤ ማኅበሩ በዘንግ ብቻ ወይም ባርኔጣ አድርጋችሁ ብቻ ቢል መብቱ ነው፤ ያልወደደው አይመዘገብም። ሐይቁ ግን የሕዝብ ነው። የዱር እንስሳ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የሕግ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ዓመት ላይ የሚጋፈጠው ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለዚህ የሚያስተምሩት እ.ኤ.አ. በ1805 በኒው ዮርክ የተወሰነውን የፒርሰንና የፖስት ክርክር ነው። ፖስት በውሾቹ ቀበሮ ሲያሳድድ፣ ፒርሰን ከመሐል ገብቶ ገደለና ወሰደ። ፍርድ ቤቱ ማሳደድ ብቻውን ባለቤት አያደርግም፣ መያዝ እንጂ፣ ሲል ለፒርሰን ፈረደ። የእኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤት የሌለውን ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ነገር ባለቤት ለመሆን አስቦ የያዘ ባለቤት ይሆናል የሚል መርህ አለው። ይህ «የያዘ ይውሰድ» የሚለው መርህ የተመሠረተው መያዝ አስቸጋሪ በነበረበት ዘመን ላይ ነው። አስቸጋሪነቱ ራሱ ሳይጻፍ የቆየ ሕግ ነበር። መሣሪያው አስቸጋሪነቱን ሲያነሳው ያልተጻፈው ሕግ ይሻራል፤ በቦታው የሚጻፍ ያስፈልጋል።

አሜሪካኖች ይህን ከዚህ በፊት አድርገውታል። ዳክዬ ለማማለል ሕያው ዳክዬ አስሮ ማስቀመጥ በ1935 በፌዴራል ደረጃ ተከልክሏል። ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ አውሬ መተኮስን የሚከለክል ሕግ በ1971 ወጥቷል። በሁለቱም ለእኔ ጎልቶ የሚታየኝ የአዳኙ ችሎታ ሳይሆን የእንስሳው የማምለጥ ዕድል ነው። የግዛቶቹ ሥልጣንም አያጠራጥርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979 በሂዩዝና በኦክላሆማ ክርክር (እሱም ስለ ትንንሽ ዓሦች ነበር) ግዛት የዱር እንስሳ «ባለቤት» ነው የሚለውን አሮጌ አባባል ቢሽርም፣ ሀብቱን ለመጠበቅ ሕግ የማውጣት ሥልጣናቸውን አልነካም።

የእኔ ምርጫ መሣሪያውን መከልከል አይደለም። መሣሪያን መከልከል የሚያስከትለው ፖሊስ በየጀልባው ስክሪን እያየ እንዲዞር ነው። ይልቅ አንድ ሰው በቀን የሚወስደውን ዓሣ ቁጥር መቀነስ፣ ትልልቆቹን እናት ዓሦች መጠበቅ፣ ዓሦች በጥልቅ ውሃ በሚሰበሰቡበት ወቅት የተወሰኑ ቦታዎችን መዝጋት ይሻላል። ቁጥር በሚዛን ይታወቃል፤ ማንም አይከራከርበትም። ደግሞም መሣሪያው ራሱ ለጥበቃ ይውላል፤ የዚህ ዘመድ የሆነው «ዲድሰን» የተባለ የምስል ሶናር አላስካ ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጣውን ሳልመን ለመቁጠር ሲያገለግል ቆይቷል። የዓሣውን ብዛት ሳያውቁ የመያዣውን ልክ መወሰን አይቻልምና።

ለእኛ ሐይቆች ይህ መሣሪያ ገና ሩቅ ነው፤ በጣና በታንኳ የሚያጠምድ ሰው አራት ሺሕ ዶላር አውጥቶ ሶናር አይገዛም። ግን ችግሩን እናውቀዋለን። በጣና የሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከገቡ በኋላ፣ ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጡት የጣና ልዩ የነጭ ዓሣ ዘመዶች በአሥር ዓመት ውስጥ በከፍተኛ ደረጃ መመናመናቸውን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ መረቡ ከገባ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ። አሁንም ዓሦቹ በክረምት ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች ሲወጡ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቃቸው አለ፤ እሱ ሶናር አያስፈልገውም፤ መቼና በየት እንደሚያልፉ ያውቃል።